መንገዱ ሲያልፍ ምን ይቀራል?
ስለ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ መንገድ፣ መብራትና ወፍጮ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው በደቡብ ጎንደር ስላሉት ስለ ላይና ታች ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ነው። የመንገድ፣ የመብራትና የፋብሪካ ወሬ ሲነሣ እነዚህ ስሞች እምብዛም አይጠሩም፤ የሚጠሩት ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር ናቸው። እኔ ይህን አገር የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። መሠረተ ልማት የምንለው ነገር በኢትዮጵያ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በመንገዱ ዳር የተቀመጠውንም ሰው እንዴት አልፎት እንደሚሄድ፣ ከዚህ አገር በላይ አጥርቶ የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምር። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ብረት ያስቀለጡት፣ መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የሚባሉት ሰዎች ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው፣ ከሞሪትዝ ሆል ጋር መድፍ ሠሪ ሆነው ቀሩ። ከሥራቸው ሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይሆናል፤ በገበያችን አቆጣጠር 70 ኩንታል ማለት ነው። አንድ ኩንታል እህል ለሁለት ተጋግዘው አህያ ላይ ሲጭኑ ያየ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ግን ከአምስት ወር በላይ ፈጀ፤ ምክንያቱም መድፉ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ሠራዊቱ ቀን መንገድ ይጠርጋል፣ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ገደል ይቆርጣል፤ መንገዱ ሲያልቅ መድፉ ይጎተታል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጋይንት ደጋ አልፈው፣ በጨጨሆ አድርገው ወደ ዋድላ ሜዳ ወጡ፤ ከዚያ የጅዳን ገደል ወርደው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን እንደሠዉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ቆሞለታል። በዚህ አገር ግን ከዚያ ሁሉ ድካም ምን ቀረ? የጋፋት ምድጃ ጠፋ። ባለሙያዎቹም ንጉሡን ተከትለው ሄደው በዚያው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ብረት ማቅለጥና መቀጥቀጥ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ደግሞ ያኔም በኋላም በጎረቤቱ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ሠርቶ ያበላን ሰው ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። ስለ ኢንዱስትሪ ስናወራ ሁልጊዜ የጎደለን ማሽን ብቻ ይመስለናል። ከማሽኑ በፊት የነበረውን እጅ አዋርደን ሰድደነዋል፤ ያንን ደግሞ ከውጭ ገዝቶ መተካት አይቻልም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ መንገድ ሠሪ መጣ። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ ወዳጅነት ከተገኘው ወለድ አልባ ብድር አንዱ ፍሬ ከወረታ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የጀመረው መንግሥት ሳይጨርሰው በደርግ ዘመን ተሠርቶ አለቀ። ቻይና መንገድ የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ። ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ወልድያ። እስኪ ልብ በሉት፤ እስከ ዋድላ ድረስ ቴዎድሮስ መድፋቸውን የጎተቱበት አቅጣጫ ነው።

ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምነግራችሁ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ከጉና ተነሥቶ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ ወደ ዋድላ የሚዘልቀው ደጋ ውሃ ከፋይ ነው። ከጀርባው በስተሰሜን የወደቀ ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በስተደቡብ የወደቀው ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ። ውሃ ከፋዩን ጀርባ ይዞ የሚሄድ መንገድ ወንዝ አያቋርጥም። ወንዝ ካላቋረጠ ድልድይ አያስፈልገውም፤ ድልድይ ካላስፈለገው ደግሞ ወጪው ይቀንሳል፣ ክረምትም አይቆርጠውም። 70 ኩንታል ብረት የሚጎትት ሰው በጉልበቱ ያወቀውን፣ መሐንዲሱ በመነጽሩ ለክቶ አገኘው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሁለቱም ግን አገሩን ሊያቋርጡት እንጂ ሊያድሩበት የመጡ አልነበሩም።

ሕዝቡ የሚኖረው ጀርባው ላይ ብቻ አይደለም። «ላይ» እና «ታች» ጋይንት የሚለው ስም ራሱ ይነግራችኋል። ታች ጋይንት ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ ስማዳ በበሽሎና በዓባይ በረሃ ይከበባል፤ እስቴ ከጉና ሥር ተነሥቶ ወደ ዓባይ ያዘቀዝቃል። ደጋው ላይ ገብስ፣ ታች ማሽላና ጤፍ። በእነዚህ ሸንተረሮች መካከል ያለው ወንዝ በጋ ሲሆን ልጅ ይዘለዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን በሬ ይወስዳል። ስለዚህ ለመንገድ ሠሪው የቀለለው ነገር ለነዋሪው ከበደ። በጀርባው ላይ መኪና በሰዓት ይሄዳል፤ ከጀርባው እስከ ታችኛው ቀበሌ ያለው ግን በቀን የሚቆጠር ነው።

ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ሽቅብ ስትወጣ አይቻለሁ። ስምንት ወንዶች ተፈራርቀው ይሸከማሉ፤ አራቱ ሲደክሙ አራቱ ይቀበላሉ። ዳገቱ ሲበረታ የፊተኞቹ ቃሬዛውን ወደ ጉልበታቸው ዝቅ፣ የኋለኞቹ ወደ ትከሻቸው ከፍ ያደርጉታል፤ እንዲህ ካልሆነ ታማሚዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። አንዱ ጃንጥላ ይዞ ፊቷን ይከልላል። ማንም አያወራም። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ አሳርፈዋት መኪና መጠበቅ ጀመሩ። ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ፤ ለእነዚያ ሰዎች አስፋልቱ የመንገዱ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻው ነው። እነሱ የመንገዱን ከባድ ክፍል በትከሻቸው ጨርሰውት ነበር።

የድልድይ ነገር ከተነሣ እስቴን ከጎጃም የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ ሳልጠቅስ አላልፍም። በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ፣ በሞጣና በዛሬው አንዳቤት መካከል ዓባይን ያሻግር የነበረ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሰው በገመድ ተሻገረ። በወዲህና በወዲያ ማዶ ወንዶች ይቆማሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ ከታቹ ዓባይ እየጮኸ፣ እነዚህ እየለቀቁ እነዚያ እየሳቡ ያሻግሩታል። ያንን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ በአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። ያየው አንድ ነጋዴ ነገሩ አላስተኛው አለና በ1994 ዓ.ም. ገበሬዎች ብረቱን ተሸክመው አውርደውለት የተሰበረው ቦታ ተጠገነ። በገጠር ድልድይ በመሥራት የታወቀው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ ከዚያም ከጎርፉ ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እኔን የሚገርመኝ የድልድዩ መሠራት አይደለም። ስድሳ ዓመት በገመድ መሻገሩ ነው። ሰው ሕይወቱን ለገመድ ሰጥቶ የሚሻገረው ወዲያ ማዶ የሚፈልገው ነገር ስላለ ነው፤ ገበያ፣ ዘመድ፣ ጋብቻ፣ ጨው። የመንገድ ጥናት ሲሠራ በቀን ስንት መኪና እንደሚያልፍ ይቆጠራል። መኪና በሌለበት ስንት መኪና ይቆጠራል? ገመዱን ስንት ሰው እንደያዘው ቢቆጠር ኖሮ ድልድዩ ገና በአባቶቻችን ጊዜ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ውሃውና ወደ መብራቱ ልምጣ።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በምዕራብ በኩል ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። የጣና ውሃ አንዱ በ1956 ዓ.ም.፣ ሌላው በ1993 ዓ.ም. በተሠሩት የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ያልፋል፤ ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በዋሻ ተመርቶ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ጣና በለስ ይወርዳል። በሰሜን በኩል የላይ ጋይንት ጅረቶች ተከዜ ገብተው በዚያው በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ባለውና 300 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ግድብ ይጠራቀማሉ። በደቡብ የስማዳ፣ የታች ጋይንትና የእስቴ ውሃ በበሽሎና በየጅረቱ ዓባይ ገብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይሄዳል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ጉና ጫፍ ላይ የወደቀች የዝናብ ጠብታ እዚያ ተርባይን እስክትደርስ ከ3,500 ሜትር በላይ ትወርዳለች ማለት ነው።

አንድ ተራራ፣ ሦስት አቅጣጫ፣ የአገሪቱ ታላላቅ ማመንጫዎች። ኢትዮጵያ ዛሬ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ቢትኮይን ለሚያወጡ የኮምፒውተር መጋዘኖችም ሸጣለች። ከሕዝቧ ግን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። ይህን ስናገር ተሸጠ ብዬ ልቆጣ አይደለም። ብዙ ኃይል በአንድ ቦታ ለሚወስድ ደንበኛ መሸጥ ርካሽ ነው፤ አንድ መስመር፣ አንድ ቆጣሪ፣ በዶላር የሚከፈል ሂሳብ። ሽቦውን ሸንተረር ለሸንተረር ዘርግቶ በወር ሁለት አምፖል ለምታበራ እናት ማድረስ ግን ውድ ነው። የመንገዱ ነገር እዚህም ተደገመ፤ ጀርባውን ይዞ መሄድ ይረክሳል፣ ወደ ጎን መውረድ ይወደዳል።

ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ «ትልቁ የብረት ምሰሶ በእርሻዬ መካከል አልፏል፣ ለምን አይቀጥሉልኝም?» ይላል። መልሱ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ሩቅ አገር ሲሄድ በመንገድ ላይ በሙቀት መልክ ይባክናል። ብክነቱ የሚቀንሰው ግፊቱን እጅግ ከፍ በማድረግ ነው፤ ስለዚህ በትልልቆቹ ምሰሶዎች ላይ የሚሄደው 132 ሺህ፣ 230 ሺህ፣ ከዚያም በላይ ቮልት ነው። እኛ ቤት የሚገባው 220 ነው። በመካከል ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ እዚያ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ይወርዳል፣ ከዚያ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ወደ ቀበሌው ይሄዳል፣ በመጨረሻ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ለቤት ያወርደዋል። ገበሬው ያየው ሽቦ እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ በቅል አይቀዳም።

ትራንስፎርመሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሂሳብ አለ። ለገጠር መንደር የሚሰቀለው ትንሹ ትራንስፎርመር 25 ኬቪኤ ነው፤ በተግባር 20 ኪሎ ዋት ያህል ይሸከማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። አካፍሉት፤ ስድስት ምጣድ እንኳ አይሞላም። ስድስተኛዋ እመቤት ምጣዷን ስትሰካ የሁሉም አምፖል እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል። የእህል ወፍጮ ሞተር 15 ኪሎ ዋት ገደማ ሊፈልግ ይችላል፤ ያውም ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይጎትታል፤ ሦስቱም ፌዝ፣ ማለትም ሦስቱም የኃይል ሽቦ፣ ካልደረሰለት ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። እንግዲህ መብራት ገባ ሲባል ምን ገባ? ብርሃን ገብቶ ኃይል ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ልጅ ያጠናል፣ ሞባይል ይሞላል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እኔም በኩራዝ ጢስ ዓይኔ እያለቀሰ ያነበብኩ ነኝ። ወፍጮው ግን ናፍጣውን ይጠብቃል።

ልጅ ሆኜ እናቴን ተከትዬ ወፍጮ ቤት እሄድ ነበር። በሊስተር ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ነው። ባለወፍጮው ማኖቬላውን ሰክቶ በሁለት እጁ ያዞራል፤ ሞተሩ አንዴ ያስላል፣ ሁለቴ ያስላል፣ ከዚያ ዱብ ዱብ እያለ ይነሣና ቺንጋው ይወጠራል። ዱቄቱ ሁሉንም ሰው ሽማግሌ ያስመስለዋል። ድምፁ ከሁለት ሸንተረር ማዶ ይሰማል፤ ሴቶቹ ማድጋቸውን አስቀምጠው «ተነሣ!» ብለው እህሉን ያሸክማሉ። ሳይነሣ የዋለ ቀን እናቴ ከደጁ ቆማ፣

«አያ፣ ዛሬም የለም?» ትለዋለች።

«ናፍጣው አልወረደም፣ እታለም። አስፋልቱ ድረስ መጥቷል ይላሉ» ይላታል።

አስፋልቱ ድረስ መጥቷል! ናፍጣው ከወደብ እስከ ቻይና መንገድ በቦቴ መጥቶ፣ የቀረውን በአህያ ጀርባ በጀሪካን ይወርዳል። የወረደበት ዋጋ በወፍጮው ዋጋ ላይ ይደመራል። ያን ቀን ማታ እናቴ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ እሰማለሁ፤ እህል መፍጨት የአንድ ሌሊት ጉልበት ይበላል። አንድ አገር የኢንዱስትሪን መንገድ የሚጀምረው ከብረት ፋብሪካ ነው ሲባል የሚሰማ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ፋብሪካ ያ ወፍጮ እንደሆነ ይወቅልኝ። ከሴት ወገብ ላይ ሥራ አንሥቶ ለሞተር የሰጠ የመጀመሪያው ማሽን እሱ ነው።

ወፍጮው በኤሌክትሪክ ሲሆን ከጎኑ ሌላ ነገር ይበቅላል። ብየዳ ቤት ይከፈታል፤ ብየዳ ካለ የሚሰበር ማረሻ ደብረ ታቦር አይሄድም። የእንጨት ሥራ ይከፈታል። ባሕር ዛፉ ለምን በግንዱ ተጭኖ እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በመጋዝ የሚሰነጥቀው ስለሌለ ነው። ከጋይንትና ከእስቴ አይሱዙ ሙሉ የወጣ ግንድ ከተማ ሄዶ በርና መስኮት ሆኖ ይመለሳል፤ ትርፉ ግን አይመለስም።

አንዲት ከተማ ውስጥ፣ ስሟን አልጠራም፣ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስንት ወር ሳይቀየር ሲቆይ አይቻለሁ። የሚያሳዝነው ጨለማው አይደለም፤ ጨለማ ለምደናል። ኤሌክትሪኩን አምኖ የናፍጣ ሞተሩን የሸጠው ባለወፍጮ ነው። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ወፍጮ የሚገዛ ሁሉ የናፍጣ ሞተሩን ሳይሸጥ ያስቀምጣል፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ማሽን ማለት ነው። የማያስተማምን መብራት ድህነትን በሁለት እጥፍ ያስከፍላል።

ከወፍጮው ቀጥሎ ምድጃው አለ። እንጀራችን አሁንም የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነው። ኩበት ሲነድ የሚነደው ፍግ ነው፤ ፍጉ ማሳው ላይ ቢቀር አፈር ያጠግብ ነበር። ፍጉን በምጣድ ሥር አንድደን፣ ማሳችን ሲራብ ማዳበሪያ በዱቤ እንገዛለን፤ ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ በዶላር ይመጣል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተስማምቷል፤ ይሁን፣ ይሠራ። ነገር ግን አንዲት ምርጥ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ በስማዳ ቤት ውስጥ የምታተርፈው ኩበትም የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ጭስ የሌለበት፣ ዓይን የማያጠፋ።

አፈሩ ካልጠገበ ይሸረሸራል፤ የተሸረሸረው ወዴት ይሄዳል? ወደ ተከዜ ግድብ፣ ወደ ጣና፣ ወደ ሕዳሴው። ደለል የግድብ ሞት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጀምሮ የምግብ ዋስትና ከጎደላቸው ወረዳዎች መካከል ተቆጥረው ኖረዋል። መሥራት የሚችለው ተረጂ በነፃ አልበላም፤ በየዓመቱ በበጋ ወጥቶ እርከን ሠርቷል፣ ክትር ደርድሯል፣ ችግኝ ተክሏል፣ የገጠር መንገድ ቆፍሯል። በመዝገቡ ላይ «ተጠቃሚ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ሌላ ስም አለው እላለሁ። ከጉና ሥር እርከን የሠራ ሰው የግድብ ሠራተኛ ነው። ተርባይኑን የሚያስተካክለው መሐንዲስ ደመወዝ ሲበላ የኃይል ሠራተኛ ከተባለ፣ ደለሉን ከምንጩ የሚያስቀረው ገበሬ ስንዴ ስለተሰፈረለት ችግረኛ ሊባል አይገባም። ኤሌክትሪክ ከምንሸጥበት ገንዘብ ጥቂቱ ወደዚያ እርከን ቢመለስ ምጽዋት አይሆንም፤ የድካም ዋጋ ነው።

ስለ ነፋስም ጥቂት ልበል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስሟን ያወጡላት ሰዎች ሳይለኩ አልሰየሟትም። አገራችን በአሸጎዳ 120፣ በአዳማ ሁለተኛው ብቻ 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ አቁማለች። ነፋስ የሚጠቅመን በተለይ በበጋ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል እሱ ይበረታል፣ ስለዚህ ከግድብ ጋር ይተጋገዛል። ከፍታው ግን ጉዳት አለው፤ በ3,000 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በስም ተማምኖ ማማ አይቆምም፤ ዓመት ሙሉ መለካት ያስፈልጋል። መለኪያ ማቆም ደግሞ የሚያቅተን ነገር አይደለም።

ስለ ፋብሪካ የምለው አጭር ነው። የጋይንት ገብስ በኩንታል ይወጣል፤ ብቅል ፋብሪካዎቹ ያሉት እንደ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃንና አሰላ ባሉ ከተሞች ነው። ብቅል ፋብሪካ እዚህ ይተከል አልልም፤ ገብሱን አበጥሮ፣ በደረጃ ለይቶ፣ በስሙ የሚሸጥ መጋዘን ግን ቢኖር ገበሬው ሚዛን አያጣም። ድንቹም እንዲሁ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲቆፍር ዋጋው ይወድቃል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይወጣል። የደጋው ብርድ በነፃ የተሰጠን ማቀዝቀዣ ነው፤ የሌሊቱን አየር የሚያስገባ፣ ቀን የሚዘጋ ጎተራ መሥራት የአናጢ ሥራ ነው፤ ለዘር ድንች ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ መደርደሪያ ይበቃል። የበጉን ጠጉር ፈትለው ባና የሚሠሩ እጆችም ገና አልጠፉም። ቀጥቃጩን እንደ ሰደድነው እነሱንም አንስደዳቸው።

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲገባ ሆስፒታልና ባንክ ተዘርፏል፣ ሴቶች ተደፍረዋል፤ ከተማዋ ይህን አልረሳችም። ከዚያ ወዲህም ክልሉ አላረፈም። ሽቦ የሚቀጥል ባለሙያ በሰላም ወጥቶ በሰላም ካልገባ፣ ናፍጣውም ትራንስፎርመሩም እንደገና አስፋልቱ ላይ ይቀራል።

በመጨረሻ ከናንተ መካከል የቀበሌ ሰው፣ የመብራት ኮሚቴ፣ መምህር የሆናችሁ ስሙኝ። መብራት ስትጠይቁ በማመልከቻው ላይ የቤቱን ብዛት ብቻ አትጻፉ። ወፍጮ ስንት አለ? በናፍጣ የሚሠራው ስንት ነው? በገበያ ቀን ስንት ኩንታል ይፈጫል? ብየዳ የሚያውቅ፣ እንጨት የሚሠራ ስንት ሰው አለ? ጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣውን በምን ያሠራል? የመስኖ ፓምፕ የሚያስገባ ማን ነው? ምጣድ ለመግዛት የተዘጋጀች ስንት እናት አለች? ይህንን ቆጥራችሁ ጻፉ፤ በኪሎ ዋት ደምራችሁ ጻፉ። የትራንስፎርመሩ መጠን የሚወሰነው ከዚህ ቁጥር ነው፤ ሁለት ሽቦ ወይም ሦስት ፌዝ እንዲመጣ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ድልድይ ስትጠይቁም እንዲሁ። ሐምሌ ላይ ወንዙ ዳር ተቀምጣችሁ ስንት ሰው ደርሶ እንደተመለሰ፣ ስንት ተማሪ እንደቀረ፣ ስንት ቃሬዛ እንደቆመ በየቀኑ መዝግቡ። የተሻገረውን ማንም ይቆጥረዋል። እናንተ ያልተሻገረውን ቁጠሩ።